ከምሰሶው ያልወረደው ሰው

የእኛ ሰፈር ሰው ቀብር አያመልጠውም። ታሞ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው አጥቶ የሰነበተ ሰው እንኳ የሞተ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን አጣፍቶ ከበሩ ይቆምለታል። በቁሙ ሰላም ያላሉትን ሰው ጀናዛውን ለመሸከም ይጋፉለታል። ልጅ ሆኜ ይሄ ደግነት ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ደግነት ነው፤ ግማሹ ስሙ ሲጠራ "አቤት" ለማለት ነው።

ስም የሚጠራው ቅሬው ነው። አዲስ አበባዎች እድር የሚሉትን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ለቅሶ ቤቱን የሚመግብ ማኅበር ነው። ከመቃብር መልስ ስም ይጠራል። ያልተገኘ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ቤት እሳት የሚያጫጭረው ጎረቤት የለውም፤ ሞት ሲመጣበትም የሚወጣለት የለም። ከተማችን ሐይቅ ውስጥ ሰውን ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራው ነገር አልነበረም፤ ጦርነቱም ቢሆን።

የቅሬው ዳኛ አባቴ ሙአዊያ ነበር። "ለውጥ መጣ" በተባለ ሰሞን ሁሉም ነገር በምርጫ ይሁን ተባለና የቅሬው ዳኛም በምርጫ ሆነ። አባቴ ብቻውን ተወዳድሮ አሸነፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አያወራም። ውሃ ሲጠማው "ውሃ ይቅረብ" ይላል። እናቴ ሙሚና ታቀርብለታለች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ አፍራ ነው እል ነበር። ሳቋን እየዋጠች እንደነበር የገባኝ እኔም አግብቼ የራሴን ባል ጉራ ካየሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን እንደ አባቴ ያለ ሰው በምድር ላይ የለም ብዬ ነበር የማምነው። ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ አይፈረድብኝም።

የአባቴ የእግር እሾህ ኡበይድ ነበር፤ ከቀብር መልስ ስም ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ኡበይድ ከእኛ ግቢ ጋር በአጥር የሚካለል ጎረቤታችን ነው፤ ምሰሶ ላይ እየወጣ የመብራት ሽቦ የሚጠግን ሠራተኛ። ከእናቱ ከእማማ መስኡዳ ጋር ሁለት ሁነው ይኖራሉ። ቢጫ የራስ ቆብ አለው፤ ወገቡ ላይ ወፍራም ቀበቶ ይታጠቃል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር "መብራቱን ልቀቅልን እንጂ!" ስለሚለው፣ መብራቱን አንቆ የያዘው እሱ ራሱ ይመስለኝ ነበር። ክፋቱ ምን ያህል ቢሆን ነው ብዬ እገረምበታለሁ።

ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ የወጣ ሰሞን ነው። ምሰሶው ወድቆ፣ ሽቦው ተቆራርጦ ከአስፋልቱ ዳር እስከ ማሽላው ማሳ ድረስ ተጋድሟል። ከተረፈው ላይ ደግሞ የራሳችን ሰው እየቆረጠ ልብስ ማስጫ አደረገው። የእኛም ግቢ ውስጥ ነበር፤ የቅሬ ዳኛው ሱሪ ሲደርቅ የከረመው በመብራት ሽቦ ላይ ነው። የቧንቧው ውሃ በመብራት የሚሳብ ስለሆነ ደረቀ፤ ከሐይቁ እየቀዳን መጠጣት ጀመርን። ወፍጮውም ቆመ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሽታው የሚባል ባለ ትልቅ ሆድ ሰውዬ ነው፤ ቅሬው ውስጥ የአባቴ ቀኝ እጅ። ከበሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ይውልና ኡበይድ ሲያልፍ ይጠብቀዋል።

"አንተ! ወፍጮዬ ሸረሪት አደራበት እኮ! ደመወዙን ለምንድን ነው የምትበላው?"

"አብሽር ጋሽ ሽታው፤ ከላይ ያለው መስመር ይጠገንና የእናንተም ይደርሳል" ይላል ኡበይድ። ድምፁ ሁልጊዜ የደከመ ነው፤ ፊቱን አቧራ ሸፍኖት ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

"ይደርሳል ይላል! መሞቻዬም ይደርሳል!" ብሎ ጋሽ ሽታው ይስቃል። የተሰበሰበውም አብሮት ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

አንድ ሰው በዚህ በኩል መብራቱን ቶሎ አልሠራህም እየተባለ፣ በዚያ በኩል ሥራህን ትተህ ቀብር አልመጣህም ተብሎ ሲወቀስ ነውሩ ለማንም አልታየም። ወላሂ፣ ዛሬም የሚታየው ያለ አይመስለኝም።

አሣ ነጋዴው አብደላ የሞተው በዚያው ሰሞን ነው። ጀናዛው በቤታችን በኩል ሲያልፍ እኔ ከሴቶቹ ጋር በራችን ላይ ቆሜ አያለሁ። ወንዶቹ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያሉ ጥቅጥቅ ብለው መጡ፤ አባቴ ከፊት ነው። ቀና ስንል ኡበይድ ከመንገዱ ማዶ ያለው ምሰሶ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። አልወረደም። ጀናዛው ከሥሩ ሲያልፍ የራስ ቆቡ ከክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ትከሻው ሽቦው ላይ ተደግፎ፣ ወደ ታች ያያል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

"አያችሁት? ያፏጫል!" አለ ጋሽ ሽታው ከሰልፉ መካከል።

ወሬው ጀናዛው መቃብር ሳይደርስ ከተማውን አዳረሰው። ኡበይድ በሬሳ ላይ አፏጨ። እኔም ወዲያው የፉጨቱ ድምፅ ትዝ ብሎኝ፣ ዜማው ራሱ አምባሰል እንደሆነ ለጓደኞቼ እምላለሁ። ምንም አልሰማሁም እኮ!

ከኡበይድ ጋር የሚሠራ አራጋው የሚባል የአምባሰል ሰው አለ። ካደግሁ በኋላ የዚያን ቀን ነገር ያጫወተኝ እሱ ነው። ሽቦው መንገዱን አቋርጦ ተወጥሮ ነበር፤ ገና አልታሰረም። አራጋው ከታች ሆኖ "እባካችሁ ትንሽ ቆዩ፣ እስኪያስረው" ብሎ ለመናቸው። "ጀናዛ በመብራት ሠራተኛ አይቆምም!" ብሎ ሰልፉን የነዳው አባቴ ነው። እንግዲህ ኡበይድ ሽቦውን ቢለቀው በጀናዛውም በተሸካሚዎቹም ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ በትከሻው ተሸክሞት ሁሉም አልፎ እስኪያልቅ ቆየ። ትከሻው ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ጋሽ ሽታው ፉጨት ያለው ደግሞ ፋቲሓ ነበር፤ የቁርኣኑን መክፈቻ ለአብደላ እየቀራለት። ቆቡንም ያወለቀው ለዚሁ ነው።

አራጋው ይህን ሲነግረኝ "ለምን ያኔ አልተናገራችሁም?" አልኩት።

"ለማን?" አለኝ።

ሰንበት አለና ቅሬው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ወፍጮው ስለማይሠራ ሁሉም ሥራ ፈት ነው፤ መፍረድ ደግሞ መብራት አይፈልግም። እኔ ለአባቴ ውሃ ይዤ ሄጄ በዚያው ከዋርካው ሥር ጀርባ ተቀመጥኩ። ኡበይድ አልመጣም፤ መስመር ላይ ነው። ይኸውም ሌላ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት። በእሱ ፈንታ እናቱ እማማ መስኡዳ በምርኩዝ እየተንቀጠቀጡ መጡ። ከታመሙ ቆይተዋል፤ ከቤታቸው እስከ ዋርካው ለመድረስ ሦስቴ አረፉ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኡበይድ የሰው ቀብር ንቋል። በጀናዛ ላይ አፏጭቷል። የሰው ቀብር የማይመጣ ሰው፣ ሰው አይቀብረውም። ቤቱ ከቅሬ ወጥቷል።"

"ልጄን ቅጡት" አሉ እማማ መስኡዳ። "ጉልበተኛ ነው፣ ይችለዋል። እኔ ግን ልሞት ነው ልጄ። ከጋብቻዬ ጀምሮ በዚህ ቅሬ ውስጥ ነኝ። ያልደረስኩበት ለቅሶ የለም። እናትህ ስትሞትስ ሬሳዋን ማን ነው ያጠበው?"

"እርስዎ ነዎት እማማ።" አባቴ ዓይኑን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። "አላህ ይስጥዎ። ደንብ ግን ደንብ ነው። ቤት አንድ ነው፤ ለልጅ የሚሆን ለእናትም ይሆናል።"

"እኔ መብራቱን ምን ላድርገው? ለመቃብር መብራት አይገባለት። ሰው ይሸከመኝ ነው የምለው። እንደ ሰው ተሸክማችሁ ቅበሩኝ።"

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ከመካከል ተነሡ። የመስጊዳችን ኢማም ናቸው፤ ጥቂት የሚናገሩ ቀጭን ሽማግሌ። "ሙአዊያ፣ ጀናዛ መቅበር ፈርድ ነው፤ የአላህ ግዴታ። ቢቀር ሁላችንም ወንጀሉ አለብን።"

"ሼሁ፣ አይቀበሩ አላልኩም! ቅሬ አይወጣም ነው ያልኩት። የፈለገ በግሉ ይቅበር።" አባቴ ተሰብሳቢውን አንድ በአንድ ቃኘ። "በግሉ የወጣውን ግን ቅሬው ያየዋል።"

ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ሰባት ልጅ የወለደ ወንድ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። "አፈር ስሆን" የሚል አንድ ሽማግሌ ጠፋ። ያኔ እኔ የአባቴን ነገር እያየሁ ልቤ ሞላ፤ ለማንም የማያዳላ ፈራጅ ማለት ይሄ ነው ብዬ ኮራሁ። ዛሬ ያ ስብሰባ ትዝ ሲለኝ በኩራቴ አፍራለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባቴ ወረቀትም አልነበረውም፣ ሥልጣኑ ብቻ ጣፍጦት ነው።

እማማ መስኡዳን ደግፎ የመለሳቸው ሼሁ ብቻ ነበሩ።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአጥሩ ማዶ ኡበይድ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ። "እማ፣ ሥራውን ልተወው? ልተወውና ቀብር ለቀብር ልዙርልሽ?" ይላል። ድምፁ ተሰብሯል።

"ጤና ጣቢያው በጨለማ ነው የሚያዋልዱት አላልከኝም?" አሉ።

"አዎ።"

"እንግዲያ ሂድ። እኔ አንዴ ነው የምሞተው።"

ይህን ሰምቼ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ለእናቴም "እማማ መስኡዳ ልጃቸውን ቀብር እንዳይሄድ አዘዙት" አልኳት። እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን አቆመችና አየችኝ። "አንች ልጅ፣ ጆሮሽ መልካም ነው፤ ልብሽ ግን ገና አልበሰለም" አለችኝ። ስድብ መስሎኝ አኮረፍኩ።

እማማ መስኡዳ ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆዩ ሞቱ። ጠዋት ነው፤ ኡበይድ ከእነ አራጋው ጋር በመኪና ወጥቶ ከአምባሰል ተራራ ግርጌ የወደቀ ምሰሶ እያቆመ ነው። መብራት ስለሌለ ስልክም አይሠራም። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ባገኙት መኪና ተሳፍረው ሊጠሩት ሄዱ። ሌላው ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። እንደዚያ ቀን ሐይቅ ጭር ሲል አይቼ አላውቅም፤ ጦር ሲገባ እንኳ የሚሮጥ ነበር። የቅሬው ቃሬዛ ከእኛ ግቢ ጓዳ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ አባቴ ኪስ ነው። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፤ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም።

እናቴ ሳፋ አወጣች። ሳሙና ጨመረችበት፤ ከሣጥኗም ለራሷ ያስቀመጠችውን ነጭ ጨርቅ አውጥታ ከሥር አጣጥፋ ከተተችው።

"ወዴት ነው?" አለ አባቴ።

"ልብስ ላጥብ። ውሃ የለም፤ ወደ ሐይቁ ልውረድ።"

አባቴ ሳፋውን አየው። ብዙ ጊዜ አየው። "ቶሎ ተመለሽ" አለ።

እኔም አመንኳት። ልብሱ የታል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። የቅሬ ዳኛው ሚስት የባሏን ፍርድ ጥሳ የጎረቤቷን ሬሳ ልታጥብ፣ ለራሷ ያስቀመጠችውን መገነዣ ከፈን ልታለብሳቸው እንደምትሄድ በምን ይገባኛል? አባቴ ግን ገብቶት እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ማወቁ ነው የሚያናድደኝ። ካወቅህ ተነሥና ቁልፉን ስጣት!

ረፋዱ ላይ የመኪና ድምፅ ሰማን። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ የራስ ቆብ ያደረጉ፣ ከጉልበታቸው በታች ጭቃ የለበሱ ወንዶች እየዘለሉ ይወርዳሉ። "አባ፣ ወታደሮች መጡ!" አልኩ። አባቴ ብድግ አለ። ኮቱን ደረበ፣ መልሶ አወለቀው፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባና ከቃሬዛው አጠገብ ቆመ።

"ከጠየቁሽ የለም በያቸው" አለኝ በሹክሹክታ።

ሊይዙት የመጡ መስሎኝ አለቀስኩ። ማንም ግን አልጠየቀኝም። የእኛን በር ዞር ብሎ ያየ የለም፤ ወደ እማማ መስኡዳ ቤት ገቡ። ከፊታቸው ኡበይድ ነበር፤ ይሮጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ በአጥሩ ላይ የሚያልፈውን ብቻ ነው። ቢጫ ቆቦች፣ ከቆቦቹ መካከል ደግሞ የመሰላል ጫፍ። መሰላል ተሸክመው ሲወጡ ያው ወደ ምሰሶ ሊወጡ ነው አልኩ። በእናቱ ሞት ቀን እንኳ ከምሰሶ አይወርድም እንዴ ብዬ ጠላሁት። ቃሬዛ ስለተከለከሉ እማማ መስኡዳን በሥራ መሰላላቸው ላይ አጋድመው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው እንደተሸከሟቸው የነገረኝ አራጋው ነው። መቃብሩንም የቆፈሩት ለምሰሶ ጉድጓድ በሚቆፍሩበት ዲጂኖና አካፋ ነው። አራጋው ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ነው፤ ከጉድጓዱ ውስጥ አፈር ሲያወጣ የነበረው እሱ፣ የሰገዱባቸው ደግሞ ሼሁና ጥቂት ሙስሊም ሠራተኞች ናቸው። ሠራተኞቹ ከየት ከየት እንደመጡ የማይታወቁ የሰው አገር ልጆች ናቸው፤ እማማ መስኡዳን በሕይወታቸው አይተዋቸው አያውቁም።

"ከባድ አልነበሩም" አለኝ አራጋው። "ሽቦ እንኳ ይከብዳል።"

የሐይቅ ሰውስ? በአጥር ቀዳዳ ያያል። ያን ሁሉ ቀብር የማያመልጠው ሕዝብ፣ ያንን አንድ ቀብር በቀዳዳ አየው።

ከቀብር መልስ ሠራተኞቹ አልተበተኑም። ኡበይድን ለቅሶ ተቀመጥ ቢሉት "የሚደርሰኝ የለ፤ ምን ተቀምጬ?" አላቸው አሉ። ተነሥቶ ከእነሱ ጋር የቀረውን ሽቦ አሰረ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ አዛን ሊል ሲል ቤታችን ቦግ አለ። የጋሽ ሽታው ወፍጮ ከማዶ ጮኸ፤ ሳያጠፋው ትቶት ስለነበር በባዶው ይፈጫል። ሴቶች እልል አሉ። ልጆች መንገድ ላይ ወጥተው ጨፈሩ። ለእማማ መስኡዳ ያልወጣው ሰው ሁሉ ለመብራቱ ወጣ።

አባቴ ከጓዳ ወጥቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። "አየሽ ሀኒያ?" አለኝ። "ሰው ካልተቀጣ አይሠራም። ቀጣነው፣ ይኸው ሠራ።"

እኔም እውነቱን ነው አልኩ። መብራቱን ያመጣው የአባቴ ፍርድ ነው ብዬ ስንት ዓመት አምኜ ኖርኩ! ትምህርት ቤትም ሁሉ አውርቼዋለሁ።

እናቴ ባዶ ሳፋ ይዛ ገባች። እጇ ሬሳ የሚታጠብበት ካፉር ካፉር ይሸታል።

"ልብሱስ?" አላት አባቴ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ።

"አልደረቀም" አለች። ወደ ማብሪያው ሄዳ አጠፋችው። ቴሌቪዥኑንም ነቀለችው። በዚያ ሁሉ በርቶ በሚጨፈርበት ከተማ ውስጥ የእኛ ቤት ብቻ ጨለማ ሆነ። እኔ አምፖሉ እንዳይቃጠል ነው ብዬ አሰብኩ።

በነጋታው ጠዋት ኡበይድ በራችን ላይ ቆሞ አየሁት። ዓይኑ አብጧል። ከእናቴ ጋር በዝግታ ተነጋገረ፤ ቀና ብሎ ጣሪያችን ላይ የገባውን ሽቦ አየ፤ እናቴ አንገቷን ደፍታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያም ሄደ። አባቴ በመስኮት ያይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከዋርካው ሥር "ኡበይድ ከቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠይቋል" ብሎ ለቅሬው ተናገረ። ኡበይድም ወደ ቅሬው ተመለሰ፤ ለይቅር ባይነታቸውም ተጨበጨበ። ለራሳቸው እኮ ነው ያጨበጨቡት፤ አያፍሩም!

አባቴ የሞተው ባለፈው ክረምት ነው። እወደው ነበር፤ አልዋሽም። ንቄውም ነበር፤ ይህንንም አልዋሽም። ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም እንዲሉ ድንኳኑ ውስጥ ሙገሳው ጎረፈለት፤ ፍርድ አዋቂው፣ ቆራጡ፣ ደንብ አክባሪው። የሞተበት ዋዜማ ኃይለኛ ንፋስ ዛፍ ጥሎ ሽቦ በጥሶ ነበርና ከተማው መብራት አልነበረውም። ከመቃብር የተመለሱት ወንዶች ድንኳኑን ሞሉት። ከሸኙት መካከል ኡበይድን አየሁት። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ቃሬዛውን የተሸከመበት ትከሻው አፈር ነክቶታል። ያ ጠባሳ ያለበት ትከሻው ነው። የራስ ቆቡን ከወንበሩ ሥር አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

ጋሽ ሽታው አርጅቷል፤ ምላሱ ግን አላረጀም። ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ለአጠገቡ ሰው ሲናገር፣ ሹክሹክታው እስከ ሴቶቹ ድረስ ተሰማ።

"ከተማው በጨለማ ነው፤ ይሄ ሰውዬ እዚህ ተጎልቶ ምን ያደርጋል? ስልኬ ከጠፋ ሁለት ቀኑ!"

ደሜ ፈላ። ለቀስተኛ መሆኔን ረሳሁት፤ ተነሣሁ።

"ጋሽ ሽታው፣ የሰው ቀብር የማይመጣ ሰው፣ ሰው አይቀብረውም አላላችሁም ነበር?"

"ኧረ ልጄ፣ እሱማ ድሮ ነው..." አለ።

ኡበይድ ቀስ ብሎ ተነሣ። የራስ ቆቡን ከወንበሩ ሥር አነሣ፤ ወደ እኔና ወደ እናቴ መጥቶ "አላህ ያጽናችሁ። ልሂድ፣ ጥቂት ነው የቀረው" አለ። ወጣ። እኔም ተቀመጥኩ፤ እንባዬ ለአባቴ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም።

ዱዓው ሳያልቅ ድንኳኑ ቦግ አለ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ "ተመስገን" አሉ። ሟቹን ረስተው ከየኪሳቸው የስልክ ገመድ እየመዘዙ ወደ ማከፋፈያው ተጋፉ። ጋሽ ሽታው ከሁሉም ቀድሞ ሰካ። "ኡበይድ እጁ ይባረክ" ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አንድ!

ሄጄ መብራቱን አጠፋሁት።

"ኧረ ምነው? ምን ሆነች ይች ልጅ?" ድንኳኑ ተንጫጫ።

ከጨለማው ውስጥ የእናቴን እጅ እጄ ላይ አገኘሁት። "አብሪው ልጄ" አለች።

"አንችም እኮ ያን ጊዜ አጥፍተሽዋል።"

"አጥፍቼዋለሁ። በነጋታው ኡበይድ ለምን እንደመጣ ታውቂያለሽ?"

"ይቅርታ ሊጠይቅ ነዋ።"

"የምን ይቅርታ?" አለች። "እናቱን ቀብሮ ባደረ ማግስት መጥቶ፣ 'እትዬ ሙሚና፣ ማታ የእናንተ ቤት ብቻ ጨለማ ነበር፤ ሳልቀጥለው የረሳሁት ሽቦ አለ እንዴ?' ነው ያለኝ። እኔ ምን ልበለው? አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እሱ ያበራውን አጥፍቼ አላውቅም።"

ለካ ያን ጠዋት ያ የደከመ ሰው በራችን ላይ ቀና ብሎ ሲያይ የነበረው የእኛን ሽቦ ነው። የመጣው የአባቴን ምሕረት ሊለምን አልነበረም፤ የአባቴ ቤት ጨለማ እንዳይሆንበት ነው።

"አብሪው" አለች እናቴ እንደገና። "የደከመበት ነው።"

አበራሁት። ጋሽ ሽታው ጎንበስ ብሎ ስልኩ እየሞላ መሆኑን አየ።